የአባቴ ቤት ብሬከር

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ሽቦ ሲዘረጉ የኖሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። በጎሁንግ፣ በእኛ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ፣ የአባቴ የናም ቤዮንግሆ ካቻቢቴ ያልነካው ሶኬት ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ጎረቤታችን የጂንሱክ እናት እኔ እስከምኖርበት ጓንግጁ ድረስ ደውለው «የአባትሽ ቤት ብሬከር በየቀኑ ይወርዳል፤ ምክንያቱን ማግኘት አቅቷቸዋል» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ዋና የማይችል ዓሣ አለ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

«አትሳቂ» አሉኝ። «በዚህ ዝናብ፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ቀን በቀን ወንበር ላይ ወጥተው ያንን ማብሪያ ሲያነሱ በመስኮት አያቸዋለሁ። ትናንት ወንበሩ ከድቷቸው ለትንሽ ነው የተረፉት። ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ማን ሊያነሣቸው ነው? እናትሽ እንደሆነች የለች።»

ሰው ሁሉ «እናትሽ የለች» የምትለዋን ቃል እንዲሁ እንደ ዋዛ ጣል ያደርጋታል። እናቴ ቡንሬ የሞተችው በየካቲት ነው። ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፤ ሆስፒታል እስክትደርስም አልቆየችም። የተሰጣውን ልብስ ያስገቡት የጂንሱክ እናት ናቸው፤ ስለዚህ እሳቸው ሲሉት አልቀየማቸውም።

ከምሠራበት ፋርማሲ ፈቃድ ጠይቄ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አባቴ በር ላይ ሲያዩኝ ደስ አላላቸውም።

«ምን እግር ጣለሽ?»

«ብሬከር ልጠግን።»

«አንቺ?»

«ከማን የተማርኩ መሰለዎት?»

ቤቱ እርጥበት እርጥበት ይላል። የዝናቡ ወራት ሲገባ የእኛ ቤት ወለል እግር ይይዛል፤ ያን ቀን ግን ሌላም ነገር ነበር። ሩዝ ማብሰያው ሽቦው አንገቱ ላይ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ተጥሏል። ቬንቲሌተሩ ከሶኬቱ ተነቅሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ቴሌቪዥኑ ጨርቅ ለብሷል። አባቴ ሩዛቸውን በጋዝ ላይ በድስት እየቀቀሉ፣ ልብሳቸውን በእጃቸው እያጠቡ ነው የሚኖሩት።

«ሩዝ ማብሰያው ምን አጠፋ?»

«ኮረንቲ ያፈሳል።»

«ቬንቲሌተሩስ?»

«እሱም ያው ነው።»

«ቴሌቪዥኑም ተባባሪ ነበር በሉኛ።»

«ቤቱ አርጅቷል፣ ሚራን» አሉኝ ፊታቸውን አዙረው። «ሽቦው አርጅቷል።»

ያኔ ነው ነገሩ የከነከነኝ። «ሽቦው አርጅቷል የሚል ሠራተኛ መፈለግ የሰለቸው ሠራተኛ ነው» እያሉ ሰው ሲዘልፉ እየሰማሁ ያደግኩት እኮ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ነገር ሲደበቅብኝ ያመኛል፤ ይህ ጠባይ ከእናቴ የመጣ ነው። ወንበሩን ጎትቼ ከብሬከሩ ሳጥን ሥር አቆምኩት።

አፈላለጉ የእሳቸው የራሳቸው ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ታወርዳለህ። ቀጥሎ ዋናውን ብቻ ታነሣለህ። ከዚያ ትንንሾቹን አንድ በአንድ፤ በእያንዳንዱ መካከል ደግሞ ትጠብቃለህ። መጠበቁ ነው ትልቁ ሥራ። አንዳንዱ ጥፋት ወዲያው አይታይም፤ ሞተር እስኪነሣ፣ ውሃ እስኪሞቅ ይደበቃል። «ችኩል ሠራተኛ ንጹሑን ይከሳል» ይሉ ነበር፤ እኔም በረንዳ ላይ ዝናብ የሚመታውን ሩዝ ማብሰያ እያየሁ ይህንኑ አስታወስኳቸው። እሳቸው መጥተው የወንበሩን እግር ያዙልኝ።

የመኝታ ቤቱን አነሣሁ። ደህና ነው። የሳሎኑን አነሣሁ። እሱም ደህና ነው። የማድቤቱን አነሣሁ፤ ትልቁ ፍሪጅ አጉረመረመና ሥራውን ቀጠለ። የቀረችው የጓዳዋ ማብሪያ ብቻ ነበረች።

«እሷን ተያት» አሉኝ ከሥር። «እዚያ ያለው የልብስ ማጠቢያው ብቻ ነው፤ እሱንም ነቅዬዋለሁ።»

«ከተነቀለ ምን ያስፈራናል?»

«ሚራን፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ውረጂና ሩዝ ብይ።»

አልወረድኩም። አነሣኋት። ጸጥ አለ። ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጥቂት ቆይቶ ከጓዳው የሆነ ሞተር ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ፤ ወዲያው ዓይኔ እያየ ዋናው ማብሪያ ጧ ብሎ ወደቀ። ቤቱ ጨለመ።

ጓዳ ገባሁ። የልብስ ማጠቢያው እውነትም ተነቅሏል። ከጎኑ ግን የእናቴ የኪምቺ ፍሪጅ አለ፤ አጭሩ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተው። በኅዳር ሴቶቹ ተሰብስበው የሚሠሩት ኪምቺ፣ በበርበሬ የተለወሰው ጥቅል ጎመን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚተኛው እዚያ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ የተተኮሰ የጠረጴዛ ልብስ ተዘርግቶበታል። ሽቦው ሶኬቱ ውስጥ ነው። በቤቱ ውስጥ ያልተነቀለ ከማድቤቱ ፍሪጅ ሌላ እሱ ብቻ ነበር።

ነቀልኩት። ተመልሼ ዋናውን አነሣሁ፤ አልወረደም። ሩዝ ማብሰያውን ከበረንዳ አምጥቼ አድርቄ ሰካሁት፤ አልወረደም። ቬንቲሌተሩን አዞርኩት፤ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት፤ አንዲት ሴትዮ ስለ ነገው ዝናብ ማውራት ጀመረች። ንጹሐኑን ሁሉ ከእስር የፈታሁ ያህል ኩራት ተሰማኝ። እንዲህ ያለ ሞኝ ነኝ።

«ይኸውልዎት አባባ! ፍሪጁ ነው።»

አባቴ ወደ ሳጥኑ እንኳ አላዩም። ጓዳው በር ላይ ቆመዋል።

«ሰኪው» አሉኝ።

«እሱ እኮ ነው የሚጥለው…»

«ከተነቀለ ቆየ፤ እየሞቀ ነው። ሰኪው አልኩሽ።»

ድምፃቸው ከፍ አላለም። እኔ ግን በቁሜ ደነገጥኩ፤ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

«ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ነዋ።» የሰደብኳቸው ያህል ቅር አላቸው። «እንዴት አላውቅም? አይጥ ነው። ከሥር፣ ሞተሩ ጋ የሚሄደውን ሽቦ ግጣዋለች። ሞተሩ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ የተላጠው ሽቦ የፍሪጁን ቆርቆሮ ይነካል። እርጥበት ሲኖር ደግሞ ይብሳል።»

«ታዲያ ምን አስቸገረ? ሽቦ መቀጠል ነው እኮ።»

«በጎኑ መተኛት አለበት» አሉኝ። «ለማስተኛት ባዶ መሆን አለበት።»

ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም። አንዳንድ ነገር ሳይጠየቅ ሆድ ያውቀዋል።

እናቴ በኅዳር የሠራችው የመጨረሻው ኪምቺ ነው። ከቀብሯ ስንመለስ ዘመድ አዝማድ ቤት ሞልቶ ነበር፤ የኪምቺው ዕቃዎች ተከፍተው ለሁሉም ቀረበ። እጇን የሚያውቅ ሁሉ እያለቀሰ በላ፤ አክስቶቼ በፌስታል ቋጥረው ወሰዱ። እኔ ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም። በመጋቢት መጥቼ «አባባ፣ ከእማማ ኪምቺ ትንሽ ተርፏል?» ብዬ ስጠይቃቸው «አልቋል» አሉኝ። አውቶቡስ ውስጥ ጓንግጁ እስክደርስ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ የሱቅ ኪምቺ እየገዛሁ፣ አንዱም እንደማይመስል እያወቅኩ፣ በየሱቁ እየቀያየርኩ እቀምሳለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የአባቴ ውሸት ግን ስንት ወር ሙሉ ጓዳ ውስጥ ሲያጉረመርም ነበር።

«አልቋል ብለውኝ ነበር።»

«አንድ ዕቃ ቀርቶ ነበር።»

«ልጅዎትን ይዋሻሉ? እኔን?»

«ብነግርሽ ትከፍቺው ነበራ።»

«አዎ፣ እከፍተው ነበር። ምግብ እኮ ነው አባባ። የሠራችው እንድንበላው ነው።»

«ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።»

ንዴቴ እዚህ ድረስ ደርሶ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። አባቴ ወሬ አያውቁም፤ ያን ቀን ግን የልብስ ማጠቢያው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው፣ ለማጠቢያው የሚነግሩት ይመስል አንገታቸውን ደፍተው ተናገሩ።

«ሴቶቹ ሁሉ ሄደው ነበር። እኔ ዕቃዎቹን እያቀበልኳት ነው። የመጨረሻው ዕቃ ሲሞላ የላስቲክ ጓንቷን አወለቀች። ላዩን በጎመኑ የውጭ ቅጠል ሸፈነችው። ከዚያ በባዶ እጇ ትጫነው ጀመር፤ አየሩ እንዲወጣ። ‹የሚራን እናት፣ በርበሬው ያቃጥልሻል› አልኳት። ‹የሰው እጅ ካልነካው ምን ይጣፍጣል› አለችኝ። አንድ ጊዜ በደንብ አድርጋ ተጫነችውና እጇን እዚያው ትንሽ አቆየችው፤ ደክሟት ነው መሰለኝ። ከዚያ ክዳኑን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልከፈተውም። መዳፏ እዚያው ነው፣ ሚራን። ቅጠሉ ላይ።»

ምን ይባላል? ቅድም የጀመረኝ ንዴት ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ጥግ ያለው የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ ወንበር ላይ እየወጡ ሲያነሱ የኖሩት መብራታቸውን አልነበረም።

ግን የፋርማሲ ሰው ነኝ፤ ቅዝቃዜ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን መድኃኒት ሳስቀምጥ በየቀኑ የማየው ነው።

«ሲወርድ ቶሎ ያነሡታል?»

«ወዲያው ነዋ። ቤት ከሆንኩ።»

«ካልሆኑስ? እንቅልፍ ሲወስድዎትስ?»

የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ በመዳፋቸው አስተካከሉ።

«ለጂንሱክ እናት ለምን አልሰጧቸውም? የእሳቸው ፍሪጅ ሰፊ ነው።»

«ሲሸከሙት ይናወጣል። ደግሞ እሳቸው ሳይቀምሱ የሚያስቀምጡ ይመስልሻል?»

ይህስ እውነት ነው። እንዲህ ነበር እንግዲህ የተያዙት፤ ካላወጡት አይጠገንም፣ ካልተጠገነ ይበላሻል፣ እሳቸው ደግሞ ከማውጣት ሞትን ይመርጣሉ። ከእኔ በፊት ይህን ሁሉ አስበውት ጨርሰዋል። አዲስ የነገርኳቸው አንድም ነገር አልነበረም።

«መክፈት አለብን፣ አባባ።»

«ካልተከፈተ ደህና ነው» አሉ፤ አነጋገራቸው ልጅ በትልልቅ ሰዎች ፊት እንደሚከራከር ዓይነት ነበር።

የጠረጴዛውን ልብስ አጥፌ አስቀመጥኩና የፍሪጁን ክዳን አነሣሁት። የቆየ ኪምቺ ሽታ ጥሩ ነው፤ ይኮመጥጣል፣ አፍ ያስረጥባል፣ ሩዝ ያስጠራል። የወጣው ግን እሱ አልነበረም። አባቴም ሸትቷቸዋል፤ አፍንጫቸው ሲሸበሸብ አይቻለሁ። ዕቃውን በሁለት እጃችን ይዘን፣ እንዳይናወጥ ብለን ቀስ አድርገን አወጣነው። አሁንም እንዳይናወጥ እንጠነቀቅ ነበር።

«እርስዎ ይክፈቱት» አልኳቸው።

ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ፈቷቸው። የመጨረሻው ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ከፈቱት።

ከላይ እስከ ዳር ድረስ ነጭ ሻጋታ አልብሶታል፤ እንደ እርጥብ ጥጥ ወፍራም ነበር። ቅጠሉ ከሥሩ ሟሙቶ ሰምጧል። አንድም የተጫነ ቦታ፣ አንድም ጎድጎድ ያለ ነገር አይታይም። ሜዳ ነው። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ሳይነኩት እጃቸውን ከላይ ከላይ ወዲህና ወዲያ አንቀሳቀሱ፤ በጨለማ ማብሪያ እንደሚፈልግ ሰው።

«እዚህ ጋ ነበር» አሉ። «አውራ ጣቷ ወደዚህ ዞሮ። ይታይሻል?»

«ይታየኛል» አልኩ።

«የቱ ጋ?»

«እዚህ። ይኸው፣ አውራ ጣቷ።» ነጩ ሻጋታ ላይ በጣቴ አመለከትኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ሽቦ ሞቷል፣ ኮረንቲ የለበትም ተብሎ እንኳ በቴስተር ሳይፈትኑ የማይነኩ ሰው ናቸው። እኔን አልፈተኑኝም።

መነጽራቸውን አወለቁና «በመጋቢት ስትጠይቂኝ ብሰጥሽ ኖሮ» አሉ። «ያኔ ልክ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ምን የመሰለ ኪምቺ ይሆን ነበር።»

ይህን ቃል እኔ ነበርኩ ምላሴ ሥር ይዤው የቆየሁት፤ ዕቃው ሲከፈት ልወረውርባቸው። እሳቸው ራሳቸው ሲሉት ግን ጆሮዬን ልደፍን ቃጣኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ጆንያው ላይ ተቀምጬ እንደ ቀብሩ ቀን አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። አካፋ ፍለጋ ወጡ።

ግቢው ጥግ ላይ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ድሮ የእናቴ የኪምቺ ገንቦዎች ብርዱ እስኪያልፍ እስከ አንገታቸው የሚቀበሩበት ቦታ አለ። ፍሪጁን የገዙላት እሳቸው ናቸው፤ በረዶ የያዘው መሬት ላይ ተንበርክካ ስታወጣ እያዩ «ጉልበትሽን ጨረስሽው፤ ይብቃሽ» ብለው። እሷ ግን ከገንቦው የወጣው ነው የሚጣፍጠው እያለች ለብዙ ጊዜ ታሾፍባቸው ነበር። እዚያው ቦታ ላይ ቆፈሩ። ዝናቡ አላባራም። አካፋውን ልቀበላቸው ብል እንቢ አሉ፤ እኔ ጃንጥላ ያዝኩላቸው። የጂንሱክ እናት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩን፣ ዕቃውን አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ፣ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘግተው ወደ ቤታቸው ገቡ። እኚያ ሴትዮ ነገር ሳይናገሩ ሲቀሩ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ኪምቺውን ገልብጠው አፈር ሲመልሱበት፣ እናቴን ሁለት ጊዜ ቀበርናት ብዬ አሰብኩ።

አባቴ ተመልሰው ዕቃውን አጠቡት። በሙቅ ውሃ አጠቡት፣ በሳሙና አጠቡት፣ ፀሐይ ስለሌለ ቬንቲሌተሩ ፊት አስቀመጡት። የበርበሬው ቅላት ከፕላስቲኩ አልለቅ አለ። ከዚያ ሁለታችን ፍሪጁን በጎኑ አስተኛነው። የቀረው ሥራ ሻይ የማፍላት ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደባቸውም፤ የተጋጠውን ቆረጡ፣ አዲሱን ቀጠሉ፣ በፕላስተር ጠቀለሉ፣ አይጧ የገባችበትን ቀዳዳ በሽቦ ወንፊት ደፈኑ። አቆምነው። ሰኩት።

እንደ ልማዳቸው ጠበቁ። አንድ እጃቸውን ፍሪጁ ላይ አሳርፈው ቆሙ። ሞተሩ ተነሣ፤ አጉረመረመ፤ ቀጠለ። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ላይ ያለችው ሴትዮ ስለ ዝናቡ ማውራቷን አላቋረጠችም። ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም።

በመከር ተመልሼ ሄድኩ። ኪምቺ ለመሥራት ጊዜው ቢደርስም ማናችንም ስለዚያ አላነሣንም። የጂንሱክ እናት ከራሳቸው ሰጥተዋቸው ነበር፤ አባቴ እሱን ማድቤት ባለው በትልቁ ፍሪጅ ነው ያስቀመጡት። ጓዳ ስገባ የኪምቺው ፍሪጅ ይሠራል። የጠረጴዛው ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ከላዩ ተዘርግቷል። አንሥቼ ከፈትኩት። ያ ዕቃ ብቻውን እዚያ ውስጥ አለ፤ ባዶውን፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ማያያዣዎቹ በሙሉ ተቆልፈው። ሲነኩት በረዶ ነው።

አባቴ ሳሎን ተቀምጠው ሩዝ ይበላሉ።

«አባባ፣ ፍሪጁ እኮ ባዶውን ነው የሚሠራው። ልንቀለው?»

ቾፕስቲካቸውን አስቀመጡ። ሞተሩን የሚያዳምጡ ይመስል ጆሯቸውን ወደ ጓዳው አዘነበሉ።

«ተዪው» አሉኝ። «አሁን እኮ ብሬከሩን አይጥልም።»